ማሾ የከለከለቻት ሴትዮ

የነሐሴ የጓንዡ አየር ሳይጨመቅ የተሰጣ ልብስ ነው። ከሆቴሉ በር ሲወጡ ፊት ላይ ይለጠፋል። ከመርካቶ ለሴቶች ቦርሳ የምትመላለሰው ነጋዴ ይህን ከለመደች ቆይታለች። ስሟ ይቅር። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ትሄዳለች፤ ሳንዩዋንሊ ካለው የቆዳ ገበያ ዕቃዋን ትመርጣለች፣ ሺያዎቤይ ታድራለች፣ ለካርጎ ታስረክባለች፣ ትመለሳለች። ከተማዋን ታውቃታለች ለማለት ግን ያስቸግራል። የምታውቀው ገበያውን፣ የካርጎ ቢሮውን፣ የሆቴሏን ሊፍትና ሻንጣዋ ውስጥ ያለውን በሶ ነው።

ያን ሰሞን ፍልሰታ ነበር። በሶና ድርቆሽ፣ ድርቆሽና በሶ። ከውጪው ሙቀት ወደ ሆቴሉ ኤሲ፣ ከኤሲው ወደ ሙቀቱ ስትገባና ስትወጣ ደግሞ ደረቅ ሳል ያዛት። አንድ ቀን ሂሳብ ስትሠራ አምሽታ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ውሃ ልትገዛ ወጣች። ዋናው መንገድ ላይ ሰው በዝቶባት በጀርባ ቅያስ አቆራረጠች። እዚያ ነው የሸተታት።

ጤና አዳም።

ቆመች። ሰው በሰው አገር አንዳንዴ የሌለ ነገር ይሸተዋል። ናፍቆት አፍንጫም ያሳስታል። ግን ይኼ የቡና ሲኒ ውስጥ ገብቶ የሚወጣው፣ እናቷ ከጓሮ ቀጥፈው በመዳፋቸው ጨምቀው የሚያሸትቷት ያው ራሱ ነበር። አፍንጫዋን ተከትላ ሄደች።

ቤቱ ከአንድ ሱቅ አይሰፋም። በሩ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው፤ የፕላስቲክ በርጩማዎች እስከ አስፋልቱ ድረስ ወጥተዋል። ግድግዳው ላይ በቀይ የተጻፈ ረጅም የዋጋ ዝርዝር፣ ከላዩ የሚንቀጠቀጥ ቬንትሌተር። በአንድ በኩል ትናንሽ የሸክላ ማሰሮዎች የተደረደሩበት የእንፋሎት ቁም ሣጥን አለ፤ በሌላ በኩል ድስቶች። ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፣ ሽርጥ ያገለደመች ሴትዮ ጭልፋ ይዛ ቆማለች። ጤና አዳሙ ከመሐለኛው ድስት ነው የሚመጣው። ነጋዴዋ ድስቱን በጣቷ አሳየች። አንድ ሳህን እንዲሰጣት በእጇ አመለከተች። በመሐል ሳሏ መጣባት፣ ዞር ብላ ሳለች።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻት። እጇን ግራና ቀኝ አወዛወዘች። «ም ዳክ» አለቻት። ድስቱን ከደነችው። ከዚያ በጣቷ ወደ በሩ አሳየች።

«ም ዳክ» በካንቶንኛ «አይሆንም» ማለት ነው። ትርጉሙን ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ለጊዜው እናቁምና ስለ ቤቱ ዓይነት ትንሽ እንበል፤ ነገሩ ያለዚያ አይገባምና።

ካንቶኖች ሾርባ ሲሉ ከምግብ በፊት የሚቀርብ ማሟሻ ማለታቸው ብቻ አይደለም። «ሎ ፎ ቶንግ» ይሉታል፤ «ያረጀ እሳት ሾርባ» እንደማለት ነው። ሁለት ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በለዘብተኛ እሳት ይንተከተካል። የአሳማ አጥንት ወይም ዶሮ፣ የሎተስ ሥር ከኦቾሎኒ ጋር፣ ቀይ የቻይና ተምር፣ ጎጂ የሚባለው ቀይ ፍሬ (ስሙ ነው እንጂ አይጎዳም)፣ ከሺንሁዊ የሚመጣ ዓመታት የቆየ የመንደሪን ልጣጭ። ልጣጩ እንደ ጠጅ ነው፤ በቆየ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ሌላው ዓይነት ደግሞ በሸክላ ማሰሮ ተከድኖ፣ ማሰሮው ራሱ እንፋሎት ውስጥ ተቀምጦ የሚበስለው ነው፤ ውሃው አይጎድልም፣ ጣዕሙም አይወጣም። ከድስቱ የሚፈለገው ፈሳሹ ነው። ሥጋው ጣዕሙን ለሾርባው ሰጥቶ ስለጨረሰ ጎን ላይ ይቀመጣል፤ የፈለገ በሶያ ሶስ እያጠቀሰ ይበላዋል።

ይህን ሁሉ የሚያዘው ምላስ ብቻ አይደለም። የቀኑ አየር፣ የጠጪው ዕድሜ፣ የዚያን ቀን ጤንነቱ ይታያል። እያንዳንዱ እህል ባሕርይ አለው። አንዱ «ሙቅ» ነው፣ አንዱ «ቀዝቃዛ»፣ እና ይኼ ከምድጃ ላይ ከመውጣቱ ጋር አይገናኝም። ጥብስ የበዛበት ሰው ጉሮሮው ሲደርቅና አፉ ሲቆስል «ሙቀት ገባበት» ይባላል። እርጥበት በሚበዛበት በጋ እርጥበት ያወጣል የተባለ ሾርባ ይሠራል፤ አየሩ ሲደርቅ ሳንባ ያለሰልሳል የተባለው። ሐበሻ ይህን ሲሰማ መሳቅ የለበትም። «ምች መታኝ» ብሎ ዳማከሴ የሚያሽ፣ «ብርድ ነው» ብሎ ወገቡን የሚያስር ሕዝብ የቋንቋው ባለቤት ነው። ሐኪሞች በበኩላቸው ሌላ ይላሉ፤ ለሰዓታት የተቀቀለ ሥጋ ፒዩሪን የሚባለውን ነገር ወደ ሾርባው ስለሚለቅ ሪህ ያለበት ሰው እንዲጠነቀቅ ይመክራሉ። ካንቶናዊት እናት ይህን ሰምታ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፣ ድስቱንም ትጥዳለች። ልጇ ሲናፍቃት «ናፍቀኸኛል» ብላ አትደውልም። «ሾርባ አለ፣ ለእራት ትመጣለህ?» ነው የምትለው።

ጣፋጩም ያው በዚሁ ሕግ ነው የሚተዳደረው። «ቶንግ ሹይ» ይሉታል፣ ቃል በቃል «የስኳር ውሃ»። ቀይ ባቄላ ከመንደሪን ልጣጭ ጋር፣ ተፈጭቶ እንደ ገንፎ የሚፈስ ጥቁር ሰሊጥ፣ ዋልነት። ከሹንዴ የመጣው ባለ ሁለት ቆዳ ወተት ደግሞ አለ፤ ትኩስ የጎሽ ወተት ሳህን ላይ ይፈስና ቆዳ ሲይዝ ከሥሩ ይቀዳል፣ ከእንቁላል ነጭና ከስኳር ጋር ተመልሶ ከቆዳው ሥር ይገባል፣ በእንፋሎት ሲበስል ሁለተኛ ቆዳ ያወጣል። ሹንዴ በምግቧ ምክንያት በ2014 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ የምግብ ጥበብ ከተማ ተብላ ተመዝግባለች። ከፓንዩ ሻዋን የመጣው የዝንጅብል ወተት ከሁሉም ይገርማል። የአሮጌ ዝንጅብል ጭማቂ ሳህን ውስጥ ይቀመጥና ትኩስ ወተት ከላይ ይቸለስበታል። ከዚያ ማንም አይነካውም። በደቂቃዎች ውስጥ እንደ እርጎ ይረጋል። እርሾ የለው፣ እንቁላል የለው። ዝንጅብሉ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው የሚያረጋው፤ ወተቱ በጣም ከጋለ ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ከቀዘቀዘም አይሠራም። ልኩን የሚያውቀው እጅ ነው።

በበጋ ሙቀት ደግሞ ማሾ አለ። አዎ፣ ሸዋ ሮቢትና ቃሉ የሚመረተው ያው ማሾ። እስኪፈነዳና ውሃው ውስጥ እንደ አሸዋ እስኪበተን ይቀቀላል፣ ቆዳው ላይ ላዩን ይለቀማል፣ ስኳር ይገባበታል፣ የባሕር ውስጥ ቅጠል ይገባበታል፣ በመጨረሻም አንድ ጭብጥ ጤና አዳም። የቻይናው ከሐበሻው ዝርያው ትንሽ ይለያል እንጂ የአንድ ቤተሰብ ነው፣ ሽታውም አንድ። ስሙ ግን ያስቀይማል። ሐበሻ የአዳም ጤና ያለውን እነሱ «የሚገማ ሣር» ይሉታል።

እንግዲህ ነጋዴዋ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አታውቅም። የምታውቀው አንዲት ሴት ለሌሎች ደንበኞች እየቀዳች ለእሷ ሲሆን ድስቱን ከድና በሩን እንዳሳየቻት ነው።

ይህችኛዋ ደግሞ በሚያዝያ 2012 ጓንዡ ነበረች። ዕቃዋ አልደርስ ብሎ ቆይታ በወረርሽኙ መሐል የቀረች። ያን ወር በዚያች ከተማ በአፍሪካውያን ላይ የተደረገውን ዓለም አይቶታል። ከአገር ያልወጣውም፣ ምርመራው ነጻ ያለውም፣ በቆዳው ብቻ እየተለየ ከተከራየበት ቤትና ከሆቴል ወጥቷል፤ በግድ ለይቶ ማቆያ ገብቷል፤ ምግብ ቤት በር ላይ ተመልሷል። ቤጂንግ ያሉ የአፍሪካ አምባሳደሮች ለቻይናው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የተቃውሞ ደብዳቤ እስከመጻፍ ደርሰው ነበር። እሷ ኪራይ የከፈለችበትን ክፍል በግማሽ ሰዓት ልቀቂ ተብላ ሁለት ሌሊት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ነው ያነጋችው። ዐቢይ ጾም ነበር። ዳቦ ልትገዛ የሄደችበት ሱቅ ሻጩ ያደረገው ምልክት ይኸው ነበር፦ እጅ ግራና ቀኝ፣ ከዚያ ጣት ወደ በሩ።

ስለዚህ የዚያን ምሽት ከቅያሱ እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። ውሃውንም ሳትገዛ ገባች።

በማግስቱ ካርጎ ቢሮው ውስጥ ለሚሠራው ልጅ ነገረችው። ልጁ እዚያው ጓንዡ የተማረ፣ ከማንዳሪኑ ሌላ ካንቶንኛም የሚሞካክር ነው። እየተቆጣች ነገረችው፣ እየሳለች።

«እትዬ፣ ስታዢ እንዲህ እያሳልሽ ነበር?»

«ብስልስ! በሽተኛ ነኝ ወይ?»

«ከድስቱ ቀጥሎ ሌላ ነገር አላሳየችሽም?»

«በሩን አሳየችኝ እንጂ!»

ልጁ ትንሽ ዝም አለና «ማታ አብረን እንሂድ» አላት። እምቢ አለች። ዕቃ አስጭና ስትጨርስ ግን፣ ምናልባት ፊት ለፊት ልትሰድባት ፈልጋ፣ አብራው ሄደች።

ሴትዮዋ ገና ስታያት ጭልፋዋን አስቀምጣ አንድ ነገር ተናገረች፤ ጮክ ብላ፣ በፍጥነት፣ በእጇ ጉሮሮዋን እየነካች። ካንቶንኛ ለማያውቅ ሰው ሁልጊዜ ጠብ ይመስላል። ልጁ ተረጎመው።

«ሳልሽ ተሻለሽ ወይ ነው የምትለው። ማሾ ቀዝቃዛ ነው አለች። ትኩሱን ብትጠጪውም ባሕርዩ ቀዝቃዛ ነው። ቅጠሉም ቀዝቃዛ፣ የባሕር ቅጠሉም ቀዝቃዛ። የሚያስል ሰው ያንን ጠጥቶ ካደረ ሳሉ ደረት ይወርዳል። ትናንት ሸጬላት ሌሊት ብትታመም ማን ሊጠየቅ ነበር ትላለች።»

«እና ይኼን ሁሉ ትናንት በ‹ም ዳክ› ነው የነገረችኝ?»

«በምን ቋንቋ ትንገርሽ እትዬ?»

በሩን ያሳየችበት ጣትም ተፈታ። በሩ አጠገብ፣ መሬት ላይ፣ አነስተኛ ምድጃ አለ። ምድጃው ላይ የተለየ ድስት ተጥዷል። ሴትዮዋ ያሳየችው እሱን ነው።

ታሪኩን እዚህ ላይ ቆርጦ «አያችሁ፣ ዘረኝነት አልነበረም፣ አለመግባባት ነው» ማለት ለጸሐፊ ይመቻል። ብዙዎች እንዲህ ዓይነት ነገር ሲጽፉ ይኼንኑ ያደርጋሉ፤ የተበደለው ሰው መጨረሻ ላይ ይቅርታ ጠያቂ ሆኖ ይወጣል። ይህ ግን ልክ አይደለም። የ2012ቱ ጣት እውነተኛ ነበር። በዚያ ጣት የተመታ ሰው ሁለተኛውን ጣት ሲያይ የትኛው ለመግፋት፣ የትኛው ለመከላከል እንደተዘረጋ በሰከንድ እንዲለይ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሴትዮዋም አልበደለችም፤ ልጅቷም አልተሳሳተችም። ያበላሸው ከሁለቱ በፊት ያለፈው ነው። ደግሞም ልጁ ባይኖር ኖሮ ነጋዴዋ ይህን ቤት ዕድሜዋን ሙሉ በክፉ ስታነሳው ትኖር ነበር። ስንቱ ቤት እንዲህ በክፉ እየተነሳ ቀርቷል? ስንቱስ በሚገባው?

ሌላም ነገር አለ። ገንዘብ ይዞ የመጣን ሰው «ይኼ ዛሬ ላንተ አይሆንም» ብሎ የሚመልስ ሻጭ የት ይገኛል? በየቅያሱ የተከፈቱት የወተት ሻይ ቤቶች ይህን አያደርጉም። ስልኩን ስካን ያደረገ ሁሉ በረዶ የሞላ ብርጭቆ ይሰጠዋል፣ ይስል አይስል የሚያይ የለም። ፈጣኖች ናቸው፣ ያምራሉ፣ ጨዋም ናቸው። ወጣቱ ወደነሱ ሄዷል። ሰው ፊት አይቶ መሸጥ ጊዜ ይፈጃል፤ ድስቱም ከጠዋት ጀምሮ ነው የሚጣደው፣ ይህን ሁሉ ጉልበት ሊተካ የሚፈልግ ልጅ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም።

ወደ ቤቱ እንመለስ። ሴትዮዋ ነገሩ ስለገባት ደስ ብሏት ሊሆን ይችላል፣ ሳትጠየቅ አንድ ሳህን አምጥታ ነጋዴዋ ፊት አስቀመጠች። ነጭ፣ የረጋ፣ የሚያብረቀርቅ። የዝንጅብል ወተት ነው። ለሳል ከዚህ የተሻለ የለም አለች።

አሁን እጇን ግራና ቀኝ ያወዛወዘችው ነጋዴዋ ሆነች።

ሴትዮዋ ፊቷ ተለወጠ። ልጁ ቶሎ ብሎ ገባበት። ወተት መሆኑን፣ ለሁለት ሳምንት ያህል የእንስሳ ነገር እንደማትቀምስ፣ ሥጋም ወተትም እንቁላልም እንደማይሆን አስረዳ። «ሐኪም ነው የከለከላት?» ብላ ጠየቀች። አይደለም፣ የሃይማኖት ነው። ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ ግንባሯ ተፈታ። ይኼ አዲስ ነገር አልሆነባትም። በጨረቃ አቆጣጠር በየወሩ አንደኛውና አሥራ አምስተኛው ቀን ከሥጋ የሚታቀብ ብዙ ሰው በአገሯ አለ፤ እሷም አንዷ ናት። የምትጾም ሴት ፊት ወተት ማስቀመጧ እሷን ነው ያሳፈራት። ሳህኑን አንስታ ለልጁ ሰጠችው። እሱ ያን ዓመት ፍልሰታን አልያዘም ነበርና አንገቱን ደፍቶ በላው።

ከዚያ ወደ በሩ ሄደች። ከትንሹ ድስት ጨለፈች። ስኳር ድንች ነው፣ በወፍራሙ ተቆራርጦ በቡናማ ስኳርና በተቀጠቀጠ ዝንጅብል የተቀቀለ። ሌላ ምንም የለበትም። ዝንጅብሉ አይቀልድም፤ አፍንጫ ድረስ ይወጣል። ነጋዴዋ የመጀመሪያውን ማንኪያ ቀምሳ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከዝንጅብሉ ነው። ሳህኑን ጨረሰችው። ከበሶ ሌላ ትኩስ ነገር ሆዷ ከገባ ስንተኛ ቀኗ እንደነበር አልቆጠረችም። ገንዘብ ስታወጣ ሴትዮዋ ዝርዝር ፍለጋ መሳቢያ ሙሉ ሳንቲም በረበረች፤ በዚያ ከተማ ብር ይዞ የሚመጣ ሰው ብርቅ ሆኗል።

በየማታው መሄድ ጀመረች። ሾርባዎቹን መንካት አልቻለችም፤ ጾሙ ባይኖርም አብዛኛው የአሳማ አጥንት አለበት፣ የዶሮ የሚባለውም ብዙ ጊዜ ቁራጭ አሳማ አያጣም። ጣፋጮቹ ግን ወተትና እንቁላል ከሌለባቸው የለየላቸው የጾም ምግቦች ናቸው። ቀይ ባቄላውን ወደደችው። ጥቁሩን ሰሊጥ አይታ መጀመሪያ ሬንጅ መስሏት ነበር፤ ስትቀምሰው የሰሊጥ ፍትፍት ትዝ አላት። የሑመራ ሰሊጥ በመርከብ ወደ ቻይና እንደሚሄድ ታውቃለች፣ ወንድሟ በዚሁ ንግድ ላይ ነበር። ይኼ ግን ጥቁር ነው፣ የሑመራው ነጭ። ዝምድናውን በግድ አልቀጠለችውም። ሴትዮዋ ስትገባ «ሌንግ ኖይ» ትላታለች፤ «ቆንጆዋ» ማለት ነው። ልጁ እዚያ አገር ማንኛዋንም ሴት እንዲህ እንደሚሏት ነገራት። «ይበሉኛ» አለች።

ልትመለስ ሁለት ቀን ሲቀራት ሳሉ ለቀቃት። ሴትዮዋ እንደተለመደው ፊቷን አየቻት፣ አጠገቧ ቆማ ትንሽ አዳመጠች፣ ከዚያ የመሐለኛውን ድስት ከፈተችው።

ማሾው አሸዋ መስሏል። የባሕሩን ቅጠል ቀምሳ በዘዴ ወደ ሳህኑ ጠርዝ ገፋችው፤ ሴትዮዋ ይህንን ሳታይ አላለፈችም። ጤና አዳሙ ግን እዚያው ነበር። ነጋዴዋ ቀንበጡን በማንኪያዋ አውጥታ አሸተተችው። ከዚያ ስልኳን ከፍታ እህቷ የላከችላትን ፎቶ ፈለገች፤ የእናታቸው ጓሮ ነው፣ ከውሃ ሮቶው ሥር ቢጫ አበባ ያወጣው ቁጥቋጦ። ሴትዮዋ ስልኩን ተቀብላ በሁለት ጣቷ አሰፋችው። መነጽሯን ፈለገች፣ አጠለቀች። ወደ ውስጥ ገብታ በቀለም ቆርቆሮ የተተከለ የራሷን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሁለቱን እያስተያየች ቆየች።

«እነሱ ምን ውስጥ ነው የሚያደርጉት ትላለች» አለ ልጁ።

«ቡና ውስጥ በላት።»

ሴትዮዋ አሰበች። ቡና ሙቅ ነው፣ ቅጠሉ ቀዝቃዛ። በእጇ እንደ ሚዛን አድርጋ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ አደረገች። ይሆናል፣ ያስኬዳል አለች። ከዚያ ቡናው ውስጥ ስንት ስኳር እንደሚገባ ጠየቀች።

«አንዳንድ አገር ጨው እንደሚያደርጉበት ንገራት» አለች ነጋዴዋ፤ ሳቋ እየመጣባት።

ልጁ ነገራት።

«ም ዳክ!» አለች ሴትዮዋ፣ እጇን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች።